ዝንቡን ከአባጨጓሬው ሳይነጥሉ መሰየም



ከአባጨጓሬ የእሳት እራት ይወጣል ብሎ ብልቃጥ ውስጥ አኑሮ የሚጠብቅ ሰው አንዳንዴ ያላሰበው ነገር ይገጥመዋል። አባጨጓሬው ቅጠል መብላቱን ያቆማል። ቆዳው ላይ ጥቁር ነቁጥ ይታያል። ወፍራም ነጭ ትል ጎኑን በስቶ ይወጣና ብዙም ሳይቆይ ሰውነቱ ደርቆ ሞላላ ቡናማ ቅርፊት ይሆናል። ቀናት አልፈው ቅርፊቱ ሲከፈት የሚወጣው ሻካራ ጠጉር የለበሰ፣ የቤት ዝንብ የሚያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ዝንብ ነው። የእሳት እራቱ አልኖረም፤ ዝንቡ ሥጋውን ከውስጥ በልቶ ጨርሶታል። ታኪኒድ ተብሎ የሚጠራው ይህ የዝንብ ቤተሰብ እስካሁን ስም የወጣላቸው ከ8500 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ብቻ ከ1100 በላይ ተመዝግበዋል። ዛሬ የምናገረው እነዚህን ዝንቦች ለይቶ ስለመሰየም ነው። የምሟገትለት ሐሳብም አንድ ነው፦ የዝንቡ ገላ ብቻውን የዝንቡን ማንነት አይናገርም። ከየትኛው አባጨጓሬ እንደወጣ፣ አባጨጓሬውም ከየትኛው ተክል ላይ መቼ እንደተለቀመ የሚያስረዳው መዝገብ ከክንፉና ከእግሩ እኩል ማስረጃ ነው። አባጨጓሬውን ከእንግዲህ የዝንቡ አስጠጊ እያልኩ እጠራዋለሁ፤ ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በመጀመሪያ ገላው ምን ያህል እንደሚያስኬደን እንይ። ታኪኒድን ከሌሎች ዝንቦች መለየት ለለመደ ሰው አይከብድም። ደረቱን ከኋላ በኩል በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ሦስት ማዕዘን ከሚመስለው የጀርባ ጫፍ ሥር ሌላ ትንሽ ጉብታ ብቅ ብሎ ይታያል። ይህ ጉብታ በቤት ዝንብም ሆነ በሥጋ ዝንብ ላይ እንዲህ አብጦ አይገኝም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዝንብ ሊቁ ሮጀር ክሮስኪ በ1984 ለሐሩራማውና ለደቡባዊው አፍሪካ ያሳተመው መለያ መመሪያ እንኳን የሚያደርሰን እስከ ወገኑ ነው። ከወገን ወደ ዝርያ ለመውረድ የፊት ጠጉሮችን መቁጠር፣ የክንፍ ጅማቱን መታጠፍ መለካት፣ በብዙ ወገኖችም የወንዱን የመራቢያ አካል ከሆዱ ፈልቅቆ ማየት ያስፈልጋል። ሴቷ ብቻ በተገኘች ጊዜ ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል። ከዚህም በላይ፣ ሁለት ዝንቦች በጠጉር ብዛትም በቀለምም አንድ ሆነው ሳለ በማይገናኝ ኑሮ የሚኖሩ ሁለት ዝርያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ገላቸው አይነግረንም።

አስጠጊው የሚነግረን እንግዲህ ምንድን ነው? ብዙ። ሴት ታኪኒዶች ልጆቻቸውን ወደ አባጨጓሬ የሚያደርሱበት መንገድ የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ትልልቅ ነጫጭ እንቁላሎችን ቆዳው ላይ ይለጥፋሉ። ሌሎቹ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን እንቁላሎችን ቅጠል ላይ ይበትኑና አባጨጓሬው ከቅጠሉ ጋር ይውጣቸዋል። ቆዳውን ወግተው የተፈለፈለ እጭ በቀጥታ የሚያስገቡም አሉ። ውስጥ የገባው እጭ አየር ስለሚያስፈልገው የሚያደርገው ነገር ያስገርማል። የአባጨጓሬው ሰውነት ባዕዱን ነገር ከብቦ ለማፈን የሚያበጀውን ሽፋን እጩ ወደ መተንፈሻ ቀዳዳ ይለውጠዋል፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ቆዳ ላይ የምናየው ጥቁር ነቁጥ እርሱ ነው። ስለዚህ ነቁጡ የት እንዳለ፣ እጩ ከአባጨጓሬው ይውጣ ወይስ አባጨጓሬው ወደ እሳት እራት ከሚለወጥበት ከፑፓው፣ ብቻውን ይሁን ወይስ ከብዙ ወንድሞቹ ጋር፣ እነዚህ ሁሉ የዝርያው ጠባዮች ናቸው። ባዶው ቅርፊት ራሱ ሰነድ ነው። በኋላ ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት የመተንፈሻ ሰሌዳዎችና ስንጥቆቻቸው ከወገን ወገን ይለያያሉ፤ በውስጠኛው ግድግዳ ላይም እጩ ሥጋ ይቦጭቅበት የነበረው ጥቁር የአፍ መንጠቆ ተጣብቆ ይቀራል። ዝንቡን በስፒል ወግቶ ቅርፊቱን የጣለ ሰው የማስረጃውን ግማሽ አብሮ ጥሏል።

መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሐሰት ምስክር ይጠብቃል። ከአባጨጓሬ ብልቃጥ የወጣ ዝንብ ሁሉ አባጨጓሬውን የገደለ አይደለም። በበሽታ የሞተ አባጨጓሬ ላይ የሥጋ ዝንብ እጭ ትጥላለች፤ ሜጋሴሊያ የምትባለው ደቃቅ ዝንብ በጠባብ ቀዳዳ ሾልካ ገብታ ሬሳው ላይ ትራባለች። ከታኪኒድ ቅርፊት ደግሞ አንዳንዴ የሚወጣው ተርብ ነው፤ ገዳዩን የገደለ ሌላ ጥገኛ ማለት ነው። አባጨጓሬው በሕይወት ሳለ እጩ መውጣቱ ወይም ከሞተ በኋላ መታየቱ በዕለቱ ካልተጻፈ፣ ከዓመታት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ዝንብ የሚያይ ሰው ነገሩን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። በየሙዚየሙ «ከአባጨጓሬ የወጣ» የሚል ወረቀት ብቻ የታሰረባቸው ዝንቦች ሞልተዋል። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው፣ ያ ወረቀት መልስ ይመስላል እንጂ የተጠየቀውን አልመለሰም።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ የሚገኘው በኮስታ ሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በጓናካስቴ የጥበቃ ክልል ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ጃንዘንና ዊኒ ሃልዋክስ ከ1978 ጀምሮ፣ በኋላም የአካባቢውን ነዋሪዎች አሠልጥነው፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አባጨጓሬዎችን ከነተክላቸው አስለቅመዋል፤ እያንዳንዱም ለየብቻው በቁጥር ተመዝግቦ አድጓል። ከእነዚህ ከወጡት ዝንቦች መካከል ቤልቮሲያ የተባለው ትልቅና ግርማ ያለው ወገን ይገኛል። ባለሙያዎች መልኩን አይተው በክልሉ 20 ዝርያዎች ብለው ለይተውት ነበር። 17ቱ እያንዳንዳቸው ከአንድ ወይም ከጥቂት ተቀራራቢ አስጠጊዎች ብቻ የሚወጡ ነበሩ፤ ሦስቱ ግን ያገኙትን ሁሉ የሚበሉ ይመስሉ ነበር። በ2006 የታተመው ጥናት ከእያንዳንዱ ዝንብ እግር ዲኤንኤ ወስዶ ባርኮድ የሚባለውን አጭር የዘር ቅደም ተከተል አነበበ። 17ቱ እንደተባሉት ሆነው ተገኙ። ሦስቱ «ሁሉን በል» የተባሉት ግን 15 ዝርያዎች ሆነው ተበተኑ፤ እያንዳንዱም የራሱ ጠባብ የአስጠጊ ዝርዝር ነበረው። 20 የተባለው 32 ሆነ። ልብ በሉ፦ የቤልቮሲያ ሴት እንቁላሏን የምትጥለው ቅጠል ላይ ነው። ያን ቅጠል የበላ ማንኛውም አባጨጓሬ እንቁላሉን ሊውጥ ይችላል። በአመክንዮ ብቻ ብንሄድ ከእንዲህ ያለች እናት የሚወለድ ዝንብ አስጠጊ አያማርጥም ብለን በፈረድን ነበር። መዝገቡ ግን ተቃራኒውን ተናገረ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፣ መነሳትም አለበት። «አስጠጊውን ዝርያ ለመለየት ከተጠቀማችሁበት፣ ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ አስጠጊ አለው ካላችሁ፣ ክርክራችሁ በክብ ይዞራል» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት የሚሆነው መከፋፈሉ በአስጠጊ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነው። በጓናካስቴ የሆነው ሌላ ነው። ባርኮዱ የተነበበው ከዝንቡ ሰውነት ነው፤ ዲኤንኤው አባጨጓሬው ምን እንደነበር አያውቅም። ሁለቱ ማስረጃዎች ከሁለት ቦታ መጥተው አንድ መስመር ላይ መግጠማቸው ነው ክብደት የሚሰጣቸው። ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ሙያዊ ነው፦ ባርኮዱ የሚወሰደው ከእናት ብቻ ከሚወረሰው ማይቶኮንድሪያ ስለሆነ፣ እንደ ዎልባኪያ ያለ በእናት በኩል የሚተላለፍ ባክቴሪያ የዘር መስመሩን ሊያዛባው ይችላል። ለዚህም በ2007 የወጣው ተከታይ ጥናት መልስ ሰጥቷል። በዚያ ጥናት ሁሉን በል የተባሉ 16 የታኪኒድ ዓይነቶች ተመርምረው 73 የማይቶኮንድሪያ መስመሮች ተገኙባቸው፤ በሁለቱም ወላጆች በኩል የሚወረሱት የኒውክለስ ጂኖች በተፈተሹበት ቦታም ልዩነቱን ደገፉት። ከሁሉ በላይ ግን የክቡን ክስ የሚያፈርሰው ውጤቱ ራሱ ነው፤ ከ73ቱ መካከል 9ኙ በእርግጥም ከብዙ አስጠጊዎች የሚወጡ ሆነው ቀርተዋል። ዘዴው «ሁሉም መራጭ ነው» የሚል መልስ አስቀድሞ የያዘ ቢሆን ኖሮ እነዚህ 9ኙ ባልተረፉ ነበር። እኔም እያንዳንዱ መስመር የተሟላ ዝርያ ነው ብዬ አልምልም፤ አጥኚዎቹም ጊዜያዊ ዝርያዎች ነው ያሏቸው።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ ነው፣ ገበሬው ተባዩ ይሙትለት እንጂ የገዳዩ ስም ምን ያደርግለታል የሚሉ አሉ። አባባሉ ስለሚያሳምን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሱን በሰሜን አሜሪካ ከተፈጸመ ነገር እንፈልገው። በ1906 ከአውሮፓ ኮምፕሲሉራ ኮንሲናታ የተባለ ታኪኒድ ወደ አሜሪካ ገባ፤ የተጠራውም ደን የሚያራቁቱ ሁለት መጤ የእሳት እራቶችን እንዲያጠፋ ነበር። ይህ ዝንብ በእርግጥም ሁሉን በል ነው። በሰሜን አሜሪካ ከ180 በላይ ከሚሆኑ አስጠጊዎች መውጣቱ ተመዝግቧል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዒላማ የተደረገው ዋናው የእሳት እራት በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ያፈራል፤ ዝንቡ ግን በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ይራባል። ዒላማው ከመስክ ሲጠፋ የዝንቡ ቀጣይ ትውልድ ሌላ አባጨጓሬ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ያገኘውም የአገሩን ትልልቅና ውብ የእሳት እራቶች ነበር። በ2000 የታተመ የማሳቹሴትስ ጥናት ሴክሮፒያ የሚባለውን የእሳት እራት 500 አባጨጓሬዎች ዛፍ ላይ አኖረ፤ አንዱም ከአምስተኛው የዕድገት ደረጃ አላለፈም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ከደረሰው ሞት 81 በመቶው የዚህ ዝንብ ሥራ ነበር። ለፍርዱ ሚዛን ያህል፣ ዝንቡ ከሁለቱ ዒላማዎች አንዱን፣ ቡናማ ጭራ ያለውን የእሳት እራት፣ ከአብዛኛው ግዛቱ ለማስወጣት ረድቷል። ቢሆንም እስከ 1986 ድረስ በተደጋጋሚ መለቀቁ ከየትኞቹ አባጨጓሬዎች እንደሚወጣ የሚናገረው መዝገብ ምን ያህል ችላ እንደተባለ ያሳያል። ዝንቡ ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ከማን ጋር እንደሚኖር የተከማቸው መረጃ ግን ውሳኔው ላይ አልቀረበም።

ተቃራኒው ታሪክም አለ፤ አጠር አድርጌ ልጥቀሰው። የክረምት እሳት እራት የሚሏት መጤ ተባይ ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሻን ባስቸገረች ጊዜ ሳይዜኒስ አልቢካንስ የተባለ ታኪኒድ ከአውሮፓ መጥቶ ረታት። ይህ ዝንብ አስጠጊ የሚመርጥ ነው። በ2005 ማሳቹሴትስ ውስጥ ለዚያችው ተባይ መለቀቅ ሲጀምር ግን አንድ ችግር ነበር፦ ሳይዜኒስ ፑሉላ የሚባል የአገሩ ተወላጅ የቅርብ ዘመዱ፣ የተባይዋ የቅርብ ዘመድ ከሆነች ሌላ የእሳት እራት ይወጣል። ቅርፊቶቻቸው ተደባልቀው ከተቆጠሩ የተለቀቀው ዝንብ መሬት ይዟል አልያዘም ማለት አይቻልም። ልዩነቱ በዲኤንኤ ተጣራ፤ ከዚያ በኋላ የተቆጠረው ቁጥር ትርጉም አገኘ።

ወደ እኛ እንምጣ። የአሜሪካ መጤ ተምች አፍሪካ ውስጥ መታየቱ የተረጋገጠው በ2016 ነው፤ በ2017 ኢትዮጵያ ገባና የበቆሎ ማሳዎችን ወረረ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከማሳ የተለቀሙ ተምቾች ተመግበው ሲጠበቁ፣ ከውስጣቸው አገር በቀል ጥገኞች መውጣት ጀመሩ። በ2018 የወጣው ዘገባ እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ቀዳሚውን ቦታ የያዘችው ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች ደቃቅ ተርብ ናት፤ ከተለቀሙት ተምቾች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን ገድላለች። በኬንያ ግን ግንባር ቀደሙ ታኪኒድ ነበር፤ ፓሌክሶሪስታ ዞናታ፣ 12.5 በመቶ። ተምቹ ለአፍሪካ አዲስ ነው፤ ዝንቡ ግን የአፍሪካ ነው። እንግዲህ ቀድሞ ከሌላ አባጨጓሬ ይወጣ የነበረ ዝንብ ወደ መጤው ተሻግሯል ማለት ነው። ይህ የእኔን ክርክር ያዳክማል የሚል ቢኖር፣ እውነቱን ነው፤ ቢያንስ ይህ ዝንብ አንድ አስጠጊ ብቻ የሚያውቅ እንዳልሆነ ያሳያል። ነገር ግን ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ነው። የፓሌክሶሪስታን ዝንቦች አንዳንድ ሊቃውንት ራሳቸውን የቻሉ ወገን ያደርጓቸዋል፤ ሌሎች ድሪኖ በሚባለው ሰፊ ወገን ሥር ያስገቧቸዋል። ከጋናና ከቤኒን ከዚሁ ተምች የወጣው ዝንብ ድሪኖ ኳድሪዞኑላ ተብሎ ተዘግቧል። አንዱ ጽሑፍ በአንድ ስም፣ ሌላው በሌላ ስም ሲጽፍ፣ ወደ መጤው ተምች የተሻገረው አንድ ዝንብ ይሁን ብዙ ከስሙ ማወቅ አንችልም። ቀድሞም አፍሪካ ውስጥ ከነበረው አገር በቀል ተምች የሚወጣውን ዝንብና ከመጤው የሚወጣውን ጎን ለጎን አድርጎ፣ አስጠጊያቸውን ለይቶ፣ እግራቸውን ለባርኮድ አስቀምጦ ማየት ነው መንገዱ።

በመቶኛው ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ታኪኒዶች ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ካደገ አባጨጓሬ ነው። ተምቹን ገና በትንሽነቱ ለቅሞ ወደ ቤተ ሙከራ ያስገባ ሰው ከዝንቡ አድኖታል፤ ዝንቧ በኋላ ልትጥልበት የነበረውን ዕድል ዘግቷል። የተለቀመበት የዕድገት ደረጃ ካልተጻፈ፣ «12 በመቶ» እና «40 በመቶ» የሚሉ ቁጥሮችን ማወዳደር ከንቱ ነው። ይህም ያው የመዝገብ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብና የሰው ነው፦ ባርኮድ ውድ ነው፣ የታኪኒድ ሊቅ አጠገባችን የለም፣ ስለዚህ ዝንቦቹን ሰብስቦ ወደ ውጭ ከመላክ ሌላ ምን እናድርግ? መላኩ ጥሩ ነው። ግን ባዶ ዝንብ ተልኮ የሚመለሰው ግማሽ ስም ነው። ውድ ያልሆነውን ክፍል እዚሁ መሥራት ይቻላል፤ እርሱም ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ አባጨጓሬ የየራሱ ብልቃጥና ቁጥር፣ የተክሉ ስም፣ የተለቀመበት ቀንና ደረጃ፣ እጩ የወጣበት ቀን፣ ዝንቡ የወጣበት ቀን፤ ይህ ወረቀትና እርሳስ እንጂ ማሽን አይፈልግም። ዝንቡ እንደወጣ ወዲያው መግደል ደግሞ ስህተት ነው፤ ገላው ገና ለስላሳና የገረጣ ስለሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ጠጉሮቹም አይቆጠሩም። አንድ ቀን ያህል በሕይወት ይቆይና ይጠንክር። ከዚያ ቅርፊቱን ከዝንቡ ጋር በአንድ ስፒል ማቆየት ነው። አባጨጓሬው በውል ካልታወቀም የቀረው የጭንቅላቱ ቅርፊትና ቆዳው ይቀመጥ፤ ዝንቡን የሚያውቅ ሰው ባይገኝ አባጨጓሬውን የሚያውቅ ይገኛል።

ይህ ትጋት ባርኮድ ከመነበቡ በፊትም ፍሬ አለው። ቀደም ብዬ ሴቷ ብቻ ስትገኝ ሥራው ይቆማል ብያለሁ። በአንዳንድ ዝርያዎች ግን ከአንድ አባጨጓሬ ከአንድ በላይ እጭ ይወጣል፣ ከእነርሱም መካከል ወንድ ሊኖር ይችላል። ወንዱ በመራቢያ አካሉ ከተለየ፣ ከዚያው አባጨጓሬ የወጡት ሴቶችም አብረውት ስም ያገኛሉ፤ ከመስክ በመረብ በተያዘች ሴት ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ጥንቃቄ የሚሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድን አባጨጓሬ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አብረው የሚበሉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እጮቹ ቅርፊት ከመሆናቸው በፊት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይቀመጡ፤ የአባጨጓሬው ቁጥርም በእያንዳንዳቸው ላይ ይጻፍ።